ጃንጎን ከአዲስ ዳታቤዝ ጋር ማግባባት፦ አዳፕተር ለሚሠራ ፕሮግራመር መመሪያ

አንድ ፕሮግራመር በጃንጎ «አሥር ደረሰኞች አምጣልኝ» የሚል አንድ መስመር የፓይተን ኮድ ይጽፋል። ያ መስመር ፖስትግሬስ ዘንድ ሲደርስ መጨረሻው ላይ «ሊሚት 10» የሚል ሐረግ ይዟል። ኦራክል ዘንድ «ፌች ፈርስት 10 ሮውስ ኦንሊ» ሆኖ ይደርሳል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ከመሀል ቆርጠህ አምጣ ሲባል «ኦርደር ባይ» ካላየ መጠይቁን በስህተት መልእክት ይመልሰዋል። ፕሮግራመሩ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም፤ ጣጣውን የሚወጣለት በመሀል የተቀመጠው አዳፕተር ነው።

ጃንጎ ፖስትግሬስን፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ማሪያዲቢን፣ ኦራክልንና ኤስኪውላይትን ሌላ ተጨማሪ ሳያስፈልገው ያውቃቸዋል። ለሌሎቹ አዳፕተሩ ከውጭ ይመጣል። ለኤስኪውኤል ሰርቨር የሚያገለግለውን ማይክሮሶፍት ይንከባከበዋል፤ ለጎግል ክላውድ ስፓነር፣ ለኮክሮችዲቢ፣ ለስኖውፍሌክ፣ ለፋየርበርድና ለሞንጎዲቢም እንዲሁ የየራሳቸው አዳፕተር ተሠርቷል። የእነዚህ ሁሉ ኮድ ክፍት ስለሆነ፣ ሥራውን የሚጀምር ሰው ባዶ ገጽ ፊት አይቀመጥም።

ይህ መመሪያ ፓይተንና ኤስኪውኤል ለሚያውቅ፣ በጃንጎም ቢያንስ አንድ አፕሊኬሽን ለሠራ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። እዚህ በግዕዝ ፊደል የሰፈሩት የፋይል፣ የክላስና የትእዛዝ ስሞች በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

1. መጀመሪያ ድራይቨሩን ይመርምሩ

ጃንጎ ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመሀል የፓይተን ድራይቨር አለ፤ ድራይቨሩም ፔፕ 249 የተባለውን ደንብ እንዲያከብር ይጠበቃል። በማርክ-አንድሬ ለምቡርግ የተዘጋጀው ይህ ደንብ ግንኙነት እንዴት እንደሚከፈት፣ «ከርሰር» ምን ምን እንደሚሠራ፣ ስህተቶች በምን ስም እንደሚጠሩ ይወስናል።

ስለዚህ ጃንጎን ገና ሳይነኩ አጭር የሙከራ ኮድ ይጻፉ። ግንኙነት ይክፈቱ፣ ሠንጠረዥ ይፍጠሩ፣ አንድ ረድፍ ያስገቡ፣ «ሮልባክ» ያድርጉ፣ ከዚያ ረድፉ በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ አንድን ዋና ቁልፍ ሆን ብለው ሁለት ጊዜ ያስገቡና ድራይቨሩ የሚወረውረውን ስህተት ስም ይመልከቱ። መሆን ያለበት «ኢንቴግሪቲ ኤረር» ነው። የጃንጎ «ጌት ኦር ክሪኤት» ትእዛዝ የሚሠራው በዚህ ስም ላይ ተደግፎ ነው፤ ረድፉን ለመፍጠር ይሞክራል፣ ሌላ ሂደት ቀድሞት ከሆነ ይህንኑ ስህተት ይይዝና ያለውን ረድፍ ተመልሶ ያነባል። ድራይቨሩ ሁሉን ነገር «ዳታቤዝ ኤረር» ብሎ በደፈናው የሚጠራ ከሆነ፣ ስህተቱን በኮዱ ለይቶ ትክክለኛ ስም የሚሰጥ ንብርብር እርስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

የመለኪያዎች አጻጻፍም ሌላው መፈተሻ ነው። ፔፕ 249 አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይፈቅዳል፤ ጃንጎ ግን ሁልጊዜ የፐርሰንት ምልክትና «ኤስ» ፊደል ያለበትን ብቻ ይልካል። የኤስኪውላይት አዳፕተር ይህን ወደ ጥያቄ ምልክት፣ የኦራክሉ ደግሞ ሁለት ነጥብ ወዳለው ስም የሚለውጥ የራሱ ከርሰር አለው። ተመሳሳይ ቅየራ ሲጽፉ፣ ጃንጎ ራሱ ፐርሰንት የሚል ፊደል መላክ ሲፈልግ ምልክቱን ደግሞ እንደሚጽፈው አይርሱ። ይህ የተረሳ እንደሆነ «50%» የሚል ጽሑፍ ያለበት መጠይቅ ይሰበራል።

2. የቅርብ ዘመድ ይፈልጉ

ከባዶ የሚነሳ አዳፕተር የወራት ሥራ ነው። ዳታቤዙ ከአምስቱ የአንዱን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ግን አብዛኛው ድካም ይቀራል። ኮክሮችዲቢ ከፖስትግሬስ ጋር በአንድ የኔትወርክ ፕሮቶኮል ስለሚነጋገር አዳፕተሩ የጃንጎን የፖስትግሬስ ክላሶች ወርሶ ልዩነቶቹን ብቻ ይጽፋል። ፖስትግሬስን ለመሠለ ዩጋባይት፣ ማይኤስኪውኤልን ለመሠለ ታይዲቢም መንገዱ ይኸው ነው።

ውርሱ ግን ወጥመድ አለው። እያንዳንዱ አዳፕተር «ቬንደር» የሚል መለያ ይይዛል፤ ጃንጎ አንድን የኤስኪውኤል አገላለጽ ሲያዘጋጅ «አዝ» ብሎ የሚጀምርና በዚህ መለያ የሚያበቃ ስም ያለው ዘዴ መኖሩን ይፈልጋል። ካለ እሱን ይጠራል፤ ከሌለ የጋራውን ይጠቀማል። እንግዲህ ከፖስትግሬስ ወርሰው መለያውን በአዲሱ ዳታቤዝ ስም ሲቀይሩ፣ በጃንጎ ውስጥ ለፖስትግሬስ ተብለው የተጻፉት ልዩ አያያዞች በሙሉ መጠራታቸውን ያቆማሉ። የኮክሮችዲቢ አዳፕተር ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ለሚያስፈልጉት ተግባራት በራሱ መለያ የተሰየመ ዘዴ ሲጀመር መመዝገብ ነው። መለያውን «ፖስትግሬስ» ብሎ መተው ይቀልላል፤ ነገር ግን አፕሊኬሽኖችና ተጨማሪ ፓኬጆች መለያውን አይተው፣ ዳታቤዙ የሌለውን ችሎታ ይጠይቁታል።

3. አጽሙን ይትከሉ

አንድ የፓይተን ፓኬጅ ይፍጠሩና ሰባት ፋይሎች ያስቀምጡበት፦ «ቤዝ»፣ «ፊቸርስ»፣ «ኦፕሬሽንስ»፣ «ስኪማ»፣ «ኢንትሮስፔክሽን»፣ «ክሪኤሽን» እና «ክላየንት»። ከእነዚህ መካከል በስሙ የግድ መገኘት ያለበት «ቤዝ» ነው። ጃንጎ በሴቲንግ ፋይሉ «ኤንጂን» የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈውን የፓኬጅ ስም ወስዶ በውስጡ «ቤዝ»ን ይከፍታል፤ ከዚያም «ዳታቤዝ ራፐር» የተባለውን ክላስ ያነሳል። ሌሎቹን ስድስቱን የሚያገኛቸው በዚህ ክላስ በኩል ነው።

በክላሱ ላይ በመጀመሪያ የሚጻፉት የድራይቨሩ ሞጁል፣ መለያውና ለሰው የሚታየው ስም ናቸው። ቀጥሎ ትልቅ የዓይነቶች ሠንጠረዥ ይመጣል፤ የጃንጎ «ቻር ፊልድ»፣ «ዴሲማል ፊልድ»፣ «ዴት ታይም ፊልድ» እያንዳንዳቸው በዳታቤዙ ምን ዓይነት ዓምድ እንደሚሆኑ እዚህ ይሰፍራል። ይህን ሠንጠረዥ ሲሞሉ አይቸኩሉ። ዓምዱ ጠባብ ሆኖ ከተወሰነ በኋላ ሰዎች ዳታ ካስገቡበት፣ መልሶ ማስፋቱ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ራስ ምታት ይሆናል።

4. ግንኙነቱን ያንቁ

«ቤዝ» ውስጥ ጥቂት ዘዴዎች ብቻ ተጽፈው የመጀመሪያው መጠይቅ ይሄዳል። አንዱ የሴቲንግ ዝርዝሩን ድራይቨሩ ወደሚፈልገው መልክ ይለውጣል፤ ሁለተኛው ግንኙነቱን ይከፍታል፤ ሦስተኛው የሰዓት ክልልና መሰል ነገሮችን ያስተካክላል፤ አራተኛው ከርሰር ይሰጣል። ሁለት ተጨማሪዎች ደግሞ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው «ኦቶኮሚት»ን የሚያበራውና የሚያጠፋው ነው። ፔፕ 249 ድራይቨሮች ኦቶኮሚትን አጥፍተው እንዲጀምሩ ያዛል፤ ጃንጎ በተቃራኒው በርቶ እንዲጀምር ይፈልጋል፤ የሚያጠፋውም «አቶሚክ» የተባለው የትራንዛክሽን ክፍል ሲከፈት ነው። ይህ በስህተት ከተሠራ አፕሊኬሽኑ የተሳካለት ይመስላል፣ ዳታው ግን ግንኙነቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ግንኙነቱ አሁንም በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው ነው። የፖስትግሬሱ «ሰሌክት 1» ብሎ ይልካል፣ የማይኤስኪውኤሉ ድራይቨሩ ያዘጋጀለትን «ፒንግ» ይጠቀማል። ለአዲሱም ከእነዚህ የከበደ መጠይቅ አይፈልጉ።

5. ዳታቤዙ የማይችለውን ይጻፉ

የሥራው እምብርት «ፊቸርስ» ፋይል ነው። በውስጡ ከመቶ በላይ «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚባሉ መስመሮች አሉ፤ ጃንጎ መጠይቅ ሲያቀናብርም ሆነ ማይግሬሽን ሲያካሂድ እነሱን እያየ መንገዱን ይመርጣል። አዳፕተሮች በተጠቃሚ ፊት የሚዋረዱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በተጻፈ የተጋነነ መልስ ነው። በእውነት «አይችልም» የተባለ ነገር ግልጽ የስህተት መልእክት ወይም ሌላ መንገድ ያስገኛል፤ በሐሰት «ይችላል» የተባለ ግን ዳታ ያበላሻል።

ልዩነቶቹ ተራ አይደሉም። ኦራክል ባዶ ጽሑፍንና «ነል»ን አንድ አድርጎ ያያል፤ ለዚህ ብቻ የተመደበ መስመር በፋይሉ አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር «ዩኒክ» በተባለ ዓምድ ውስጥ አንድ «ነል» ብቻ ይቀበላል፣ ሌሎቹ ግን ብዙ ይፈቅዳሉ። የእሱ አዳፕተር ይህን የሚያልፈው ተራውን ገደብ ትቶ «ነል ያልሆኑትን ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ኢንዴክስ በመፍጠር ነው። ማይኤስኪውኤል በትራንዛክሽን መሀል ሠንጠረዥ ከተለወጠ ትራንዛክሽኑን ሳይጠየቅ ያጸድቀዋል፤ ስለዚህ የሠንጠረዥ ለውጥ በ«ሮልባክ» ይመለሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አይ» ነው። ፖስትግሬስ «አዎ» ይላል።

ጃንጎ ራሱ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን በሙከራ ያጣራል። ዳታቤዙ ትራንዛክሽን ይደግፍ እንደሆነ ለማወቅ «ሮልባክ ቴስት» የሚባል ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ይፈጥራል፣ 8 ቁጥርን ያስገባል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ የቀረ ረድፍ እንዳለ ይቆጥራል። እርስዎም ለየመስመሩ ይህንኑ ልማድ ይከተሉ፤ የዳታቤዙ ማስታወቂያ የሚለውን ሳይሆን በእጅ የተሞከረውን ይጻፉ።

6. ቋንቋውን ያስተካክሉ

«ኦፕሬሽንስ» ፋይል የኤስኪውኤል ዘዬ ልዩነቶች መኖሪያ ነው። መጀመሪያ የስሞች ጥቅስ ይምጣ። ፖስትግሬስ ድርብ ጥቅስ ይጠቀማል፣ ማይኤስኪውኤል ወደ ኋላ ያዘነበለ ነጠላ ጥቅስ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር የማዕዘን ቅንፍ። የሚጽፉት ዘዴ አስቀድሞ በጥቅስ የተከበበ ስም ሲደርሰው እንዳለ መመለስ አለበት፤ ጃንጎ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ የሚያሳልፍባቸው ቦታዎች አሉ።

ገደብ የሌለው «ኦፍሴት» ሌላ አስገራሚ ቦታ ነው። «ከሃያኛው በኋላ ያለውን ሁሉ» ሲባል ኤስኪውላይት ለገደቡ «-1» ይሰጠዋል። ማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለ ቁጥር ስለማይቀበል የጃንጎ አዳፕተር 18446744073709551615 ብሎ ይጽፍለታል፤ ይህም በ64 ቢት ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ምልክት የለሽ ቁጥር ነው።

ከዚያ የብዛት ጣሪያዎች አሉ። የቀድሞዎቹ የኦራክል እትሞች በአንድ የ«ኢን» ዝርዝር 1000 ዕቃ ብቻ ሲፈቅዱ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በአንድ መጠይቅ ከ2100 በላይ መለኪያ አይቀበልም። እነዚህ ቁጥሮች በአዳፕተሩ ካልተነገሩ፣ በጥቂት ዳታ የሞከረው ሰው ምንም አያስተውልም፤ ችግሩ የሚወጣው ደንበኛው አምስት ሺህ ረድፍ በአንድ ጊዜ ሲያስገባ ነው።

ቀንና ሰዓት ብዙ ድካም ይወስዳል። ከቀን ውስጥ ዓመቱን ማውጣት፣ ወደ ወሩ መጀመሪያ መቁረጥ፣ በሰዓት ክልል መለወጥ እያንዳንዳቸው ዘዴ ይፈልጋሉ። ዳታቤዙ ተግባሩ ከሌለው የኤስኪውላይትን መንገድ መከተል ይቻላል፤ እዚያ ጃንጎ በፓይተን የተጻፉ ተግባራትን ግንኙነቱ ሲከፈት በዳታቤዙ ላይ ይመዘግባል። ይህ የሚሆነው ግን ኤስኪውላይት ከአፕሊኬሽኑ ጋር በአንድ ሂደት ውስጥ ስለሚኖር ነው፤ በኔትወርክ ለሚገኝ ሰርቨር አይሠራም።

7. ሠንጠረዥ መፍጠርና መለወጥ

«ስኪማ» ፋይል ማይግሬሽኖችን ወደ ተግባር ይለውጣል። እዚህ ብዙው ሥራ በወላጅ ክላሱ ተጽፏል፤ የእርስዎ ድርሻ በአብዛኛው የትእዛዝ አብነቶችን መተካት ነው። በተናጠል የሚፈተሸው የዓምድ ለውጥ ነው፦ ዓይነት መቀየር፣ ነባሪ እሴት ማንሳት፣ «ነል» መፍቀድና መከልከል፣ ዋና ቁልፍ መለወጥ።

ዳታቤዙ ዓምድን በቦታው መለወጥ ካልቻለ የኤስኪውላይት አዳፕተር ጥሩ መምህር ነው። አዲስ ሠንጠረዥ በጊዜያዊ ስም ይፈጥራል፣ ዳታውን ይገለብጣል፣ አሮጌውን ይጥላል፣ አዲሱን በቀድሞው ስም ይጠራል፣ በመጨረሻ ኢንዴክሶቹን ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ከሌላ ሠንጠረዥ ወደዚህ የሚያመለክቱ ቁልፎች አድራሻቸው ይጠፋባቸዋል።

8. ሦስቱ ቀሪ ፋይሎች

«ኢንትሮስፔክሽን» ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን ሠንጠረዦች፣ ዓምዶችና ገደቦች ያነባል። ብዙ ሰው ይህን «ኢንስፔክትዲቢ» ለሚለው ትእዛዝ ብቻ የተሠራ ስለሚመስለው ለመጨረሻ ይተወዋል። ማይግሬሽን ግን አንድን ገደብ ለመጣል ስሙን የሚጠይቀው ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ ከ«ስኪማ» ጋር ጎን ለጎን ይሥሩት። «ክሪኤሽን» ለሙከራ የሚያገለግለውን ዳታቤዝ ይፈጥራል፣ ሲያበቃም ያፈርሳል። «ክላየንት» የዳታቤዙን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ከትክክለኛው አድራሻና የይለፍ ቃል ጋር ያስነሳል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

9. የጃንጎን የራሱን ሙከራዎች ያስኪዱ

አዳፕተሩ መሥራቱን የሚመሰክረው በጃንጎ ምንጭ ኮድ ውስጥ የሚገኘው የሙከራ ስብስብ ነው፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሙከራዎች አሉት። የጃንጎን ኮድ ያውርዱ፣ የራስዎን ሴቲንግ ፋይል ያዘጋጁ፣ «ዲፎልት» እና «አዘር» የሚባሉ ሁለት ዳታቤዞች ይግለጹበት፤ አንዳንድ ሙከራዎች በሁለት ግንኙነት ስለሚሠሩ ሁለተኛው አይቀርም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስነሱ። «ቤዚክ» ከሚለው ክፍል ይጀምሩ፤ እሱ ሲያልፍ «ባክኤንድስ»፣ «ትራንዛክሽንስ»፣ «ኢንትሮስፔክሽን»፣ «ስኪማ»፣ «ማይግሬሽንስ» ይከተሉ። «ኩዌሪስ»፣ «አግሪጌሽን» እና «ኤክስፕሬሽንስ» የሚባሉትን ከባዶቹን ለኋላ ያቆዩ።

አንድ ሙከራ ሲወድቅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ስህተቱ የአዳፕተሩ ከሆነ ይታረማል። ዳታቤዙ ችሎታው ከሌለው «ፊቸርስ» ውስጥ ያለው መስመር ይስተካከላል፤ ብዙ ሙከራዎች በእነዚህ መስመሮች ስለሚመሩ ራሳቸው ይዘለላሉ። ሙከራው ራሱ የተሳሳተ ግምት ካለው ደግሞ ከነምክንያቱ ይመዘገባል። ለምሳሌ ኮክሮችዲቢ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ሰዓትንና የሰርቨር ቁጥርን አጣምሮ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ 1 ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሙከራ እዚያ ሊያልፍ አይችልም።

ለመጨረሻው ዓይነት ጃንጎ ሁለት መዝገብ አዘጋጅቷል፤ አንዱ የሚዘለሉትን ከምክንያታቸው ጋር ይይዛል፣ ሌላው እንደሚወድቁ የሚታወቁትን። ሁለተኛውን ይምረጡ። በዚያ የተመዘገበ ሙከራ አንድ ቀን ያለፈ እንደሆነ ጃንጎ «ያልተጠበቀ ስኬት» ብሎ ይናገራል፤ ዳታቤዙ ሲሻሻል መዝገቡን ለማጽዳት የሚያነቃዎት ይህ ነው።

10. በአማርኛ ዳታና በሌላ አገር ሰዓት ይሞክሩ

የሙከራ ስብስቡ የማይነካቸው ቦታዎች አሉ፤ ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ሰው በራሱ መጨመር አለበት። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የተለመደ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አዲስ አበባ» ክፍተቱን ጨምሮ 7 ቁምፊ ሲሆን 19 ባይት ነው። ዳታቤዙ የዓምድን ርዝመት በባይት የሚለካ ከሆነ፣ 20 ቁምፊ ይይዛል የተባለ ዓምድ ይህችን ስም ለጥቂት ነው የሚይዛት። በኤስኪውኤል ሰርቨር «ቫርቻር» የተባለ ዓምድ ዩቲኤፍ-8 ካልተመረጠለት አማርኛውን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ አዳፕተሩ «ኤንቫርቻር» የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ተጨማሪ ፊደላት አጽድቋል። እነዚህ ከዋናው የዩኒኮድ ክፍል ውጭ ስለተቀመጡ 4 ባይት ይፈልጋሉ፤ የማይኤስኪውኤል የቀድሞው ባለ 3 ባይት «ዩቲኤፍ-8» አይቀበላቸውም። በሙከራዎ ውስጥ ከአማርኛው አጠገብ ከእነዚህ አንዱን ፊደል ያስገቡ።

ሰዓትን በሚመለከት የጃንጎ የሰዓት ክልል ሙከራዎች የናይሮቢን፣ ማለትም የአዲስ አበባንም ሰዓት ይጠቀማሉ። የተመረጠው ዓመቱን ሙሉ ስለማይለወጥ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሰዓት የተሞከረ አዳፕተር ንጹሕ መስሎ፣ ዋሽንግተን ላለ ተጠቃሚ በመኸር ወቅት ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት ሌሊት ሊሳሳት ይችላል። ያን ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰዓት የሚይዝ አንድ ሙከራ በኒውዮርክ ክልል ይጻፉ።

11. ሲለቁት

ጃንጎ በየስምንት ወሩ ገደማ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፤ የአዳፕተሩ ውስጣዊ ዘዴዎችም ከእትም እትም ይለወጣሉ። ስለዚህ የእትም ቁጥሩን ከጃንጎው ጋር ያስማሙ፤ ለጃንጎ 5.2 የተሠራው 5.2 ተብሎ ይጠራ፣ በፓኬጁ ጥገኝነት ላይም «ከ5.2 ጀምሮ፣ ከ6.0 በታች» ተብሎ ይገደብ። በየእትሙ ማስታወሻ ውስጥ ለውጭ አዳፕተር ሠሪዎች ብቻ የሚጻፍ ክፍል አለ፤ የስም ለውጦችና አዳዲስ መስመሮች ሁሉ እዚያ ይዘረዘራሉ። ሙከራዎቹ ገና ባልተለቀቀው የጃንጎ ኮድ ላይም በየሳምንቱ እንዲሮጡ ካደረጉ፣ ለውጡን ከተጠቃሚዎ ቀድመው ያዩታል።

የመግቢያ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ የማይደገፉትን ነገሮች ይዘርዝሩ። ዝርዝሩን እንደ አዲስ መፈለግ አያስፈልግም፤ በአምስተኛው እርምጃ «አይችልም» ተብለው የተጻፉትንና በዘጠነኛው ከነምክንያታቸው የተመዘገቡትን መገልበጥ ይበቃል።